ዋስ የሌላት ዋስ

ዛሬ ጠዋት የደረሰብኝን ብነግራችሁ "ይቺ ልጅ ፈጥራ ነው" ትላላችሁ።

መፍጠርስ ፈጥሬ ነበር። ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው።

እኔ ፖስት የማደርግ ሰው አይደለሁም። የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ የሰው የልደት ፎቶ ላይክ ከማድረጌ በፊት እንኳን ማን ያየኛል ብዬ የማስብ ነኝ። ዛሬ ግን ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ። ስለዚህ ቁጭ በሉ፣ ረጅም ነው።

ከሥር ልጀምር። ከሥራ ተባርሬ ነበር።

ይኸው! ወጣልኝ!

ስንት ጊዜ ከአፌ አልወጣ ያለኝ ቃል ሲጽፉት እንዴት ቀላል ነው።

እርግጥ "ተባረሻል" ብሎ የነገረኝ የለም። የምሠራበት ፋብሪካ (ስሙ ይቅር) ጨዋ ነው። የሒሳብ ክፍሉን ሠራተኞች አዳራሽ ሰበሰቡንና ሥራ አስኪያጁ "እኛ ቤተሰብ ነን" ብለው ንግግር ጀመሩ። ያኔውኑ ገባኝ። አለቃ "ቤተሰብ ነን" ካለ አንድ ሰው ከቤት ሊወጣ ነው። ቀጥለው "ሪስትራክቸሪንግ" አሉ። ቀጥሎ ኬክ መጣ።

ኬክ!

ነጭ ክሬም ያለው፣ ላዩ ላይ በቸኮሌት "እናመሰግናለን" ተብሎ የተጻፈበት። እኔ የደረሰኝ ቁራጭ ላይ "እና" ብቻ ነበር ያለው። "እና?" ብዬ በላሁት።

ከዚያ የመታወቂያ ባጃችንን ሰበሰቡ። የአንገት ማንጠልጠያውን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልመለስኩም። ሰማያዊ ናት፣ ጠንካራ ናት። በኋላ እንዴት እንዳዋረደችኝ እነግራችኋለሁ።

"ታዲያ ለምን ለሰው አልነገርሽም?" ትሉኝ ይሆናል።

እናንተ እኛ ግቢ ስላልኖራችሁ ነው።

የምኖረው ሐዋሳ ታቦር፣ እትዬ ሸምሲያ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። እትዬ ሸምሲያ ከግቢው በር አጠገብ ሱቅ አላቸው። ሱቁ ውስጥ ዘይት አለ፣ ሳሙና አለ፣ ስኳር ሲገኝ ስኳር አለ፣ የሰፈር ወሬ አለ። ወሬው በነጻ ነው፤ አልቆ አያውቅም።

በዚያ ላይ የእናቴ ጓደኛ ናቸው። እማዬ ይርጋለም ነው የምትኖረው። አንድ ጊዜ የተከራየሁትን ክፍል ልታይ መጥታ ከእትዬ ሸምሲያ ጋር ስልክ ተለዋወጡ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው ልጇ የሚመስሉት። ለእትዬ ሸምሲያ የተነገረ ነገር እኔ ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ይርጋለም ይደርሳል።

ዋናው ምክንያቴ ግን አቶ መስፍን ናቸው።

አቶ መስፍን ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። አምና የሚሠሩበት ፕሮጀክት ተዘጋና ከሥራ ወጡ። ግቢው ምን አደረገ መሰላችሁ?

ለቅሶ ደረሰ።

እውነቴን ነው! ወንበር ተደረደረ። ሰው በየተራ እየገባ "አይዞህ፣ ያጽናህ" ይላል፣ ይቀመጣል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ ሙዝ ትቶ ይወጣል። ለምን ሙዝ እንደሆነ አላውቅም። አንዱ ጀመረው፣ ሌላው ባዶ እጁን መግባት አፈረ። አቶ መስፍን ከሙዙ ክምር ጀርባ እንደ ሟች ፎቶ ቁጭ ብለው ነበር።

እኔም ገባሁ። ምን እንደሚባል ጠፋብኝ። አቶ መስፍንን ፊት ለፊት እያየሁ፣ በሚያሳዝን ድምፅ፣ "ነፍስ ይማር" አልኳቸው።

በሕይወት ላለ ሰው!

አሁን ግብርና ቢሮ ተቀጥረው ደህና ናቸው። ሙዝ ግን እስካሁን አይበሉም።

ታዲያ እኔ እዚያ ወንበር ላይ ልቀመጥ? ሰው በየተራ እየገባ ሊተነፍስብኝ? በጭራሽ።

ስለዚህ መፍትሔ አመጣሁ። ዲግሪ ያለው ጭንቅላት ብቻ የሚያመነጨው ዓይነት መፍትሔ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሄድኩ።

ማንጠልጠያዬን አንገቴ ላይ አጠለቅኩ። ጫፉ ባዶ እንዳይሆን ቦርሳዬ ውስጥ ያገኘሁትን ካርድ አያያዝኩበትና ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ሸጎጥኩት። በሱቁ በር ሳልፍ እንደ ወትሮዬ "እትዬ፣ ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ!" ብዬ ሮጥኩ።

የፋብሪካው ሰርቪስ ሠራተኛ የሚጭነው ከሱቁ ዝቅ ብሎ ካለው ፋርማሲ ጥግ ነው። እኔ ግን ጥጉ ላይ ሳልደርስ በውስጥ ለውስጥ መንገድ እታጠፋለሁ። ያልተባረሩት ባልደረቦቼ ሰርቪስ ሲጠብቁ እንዳያዩኝ ነዋ! ጥንቃቄ ማለት ይህ ነው። በየቀኑ እንደዚያ ሮጥኩ፣ በየቀኑ እንደዚያ ታጠፍኩ። መታጠፊያው ላይ አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ እንኳን "ሩጪ ሩጪ፣ ትደርሺበታለሽ" እያለች ታበረታታኛለች።

አንድ እሑድ ከልማድ የተነሣ ማንጠልጠያዬን አጥልቄ ወጣሁ። እትዬ ሸምሲያ ከሱቃቸው አንገታቸውን ብቅ አድርገው አዩኝ። "ኦቨርታይም ነው" አልኳቸው። "አላህ ያበርታሽ" አሉኝ። ኬክ ቆርሶ ሰው የሚያሰናብት ፋብሪካ እሑድ ኦቨርታይም ያሠራል ብሎ የሚያምን ሰው አለ ብዬ ነው እኮ ያሰብኩት!

ታጥፌ ወዴት እሄዳለሁ? ባንክ።

አትሳቁ። ሐይቁ ዳር ብትሄዱ የሚያውቃችሁ ሰው አይጠፋም። ካፌ ብትቀመጡ አስተናጋጁ "ምን ልታዘዝ?" ይላል። ባንክ ግን የወረፋ ቁጥር ቆርጦ ለስላሳ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። ፋን አለ፣ ቲቪ አለ። ቁጥሬ ሲጠራ እንዳልሰማሁ ሆኜ አሳልፈዋለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ሌላ ቁጥር እቆርጣለሁ። መሃል ከተማ ያሉትን ባንኮች በተራ አዳረስኳቸው። ቲቪው ላይ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ "ቀጣሪ አትፈልጉ፣ ቀጣሪ ሁኑ!" እያለ ይጮኻል። እኔ ከሥሩ ቁጭ ብዬ ቴሌግራም ላይ ቀጣሪ እፈልጋለሁ።

ማስታወቂያው ሁሉ "በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት የምትችል" ይላል። ያለ ሥራም በጫና ውስጥ መኖር እንደምችል የምጽፍበት ቦታ ግን አልነበረውም።

አንዱ የባንክ ጥበቃ አዘነልኝ። ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ "እህቴ፣ ብድር ከልክለውሽ ነው?" አለኝ።

ባንክ ቀየርኩ።

ማታ ማታ ደግሞ እማዬ ትደውላለች። "ሥራ እንዴት ዋለ?" የመጀመሪያውን ቀን "ደህና" አልኩ። በሁለተኛው ቀን "ደህና" ብቻ ካልኩ ትጠረጥራለች ብዬ ፈራሁና ትንሽ ቅመም ጣል አደረግሁበት። ሳምራዊት የምትባል አዲስ ልጅ ቢሮ ገብታ እያስቸገረችኝ ነው አልኳት።

ሳምራዊት የምትባል ልጅ የለችም።

ግን እንዴት አደገችልኝ መሰላችሁ! መጀመሪያ ካልኩሌተሬን ወስዳ አልመለሰችም። ቀጥላ ለአለቃ ነገር አመላለሰች። ከዚያ እኔ ምሳ ስወጣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ማለት ለመደች። አንዳንድ ቀን ራሴው እናደድባታለሁ። እማዬ እየመከረችኝ፣ እየተናደደችልኝ ቆይታ አንድ ማታ ስለት ተስያለሁ አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ትራሴን ነከስኩ።

በሌለች ልጅ የተነሣ ስለት! ይህን ኃጢአት የሚናዝዝ ቄስ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።

ደግነቱ ከላክኋቸው ሲቪዎች አንዱ መልስ አመጣ። ሐይቅ ዳር ያለ ሪዞርት ነው፤ ቦታው ገንዘብ ያዥ። ለብዙ የሥራ መደብ የሚቀጥሩ ስለነበር አዳራሹ ሙሉ ሰው ነበር። እንደ ልማዴ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ተፈተንኩ፣ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ከኋላዬ ማን እንደተቀመጠ ዞር ብዬ አላየሁም።

ኢንተርቪው ላይ የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ታምራት "ከአምስት ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታገኚዋለሽ?" ብለው ጠየቁኝ። "እዚሁ ሐዋሳ" አልኳቸው። ሳቁ። እኔ የምሬን ነበር።

አለፍኩ!

ግን።

ገንዘብ ያዥ ያለ ዋስ አይገባም። ቋሚ ሥራ ወይም የንግድ ፈቃድ ያለው ሰው በአካል መጥቶ፣ ብታጠፋ እኔ እጠየቃለሁ ብሎ መፈረም አለበት። አንድ ሰው ደግሞ ዋስ መሆን የሚችለው ለአንድ ተቀጣሪ ብቻ ነው። እስከ ዓርብ ድረስ ዋስ ካላመጣሁ ሥራው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል ተባልኩ።

ዓርብ ማለት ዛሬ ነው።

ማንን ልጠይቅ? ጓደኞቼ በሙሉ አብረውኝ ኬክ የበሉ ናቸው፤ እነሱም ዋስ ፈላጊ ሆነዋል። ሥራ ያለው የማውቀው ሰው በሙሉ ደግሞ እኔም ሥራ ላይ እንደሆንኩ ነው የሚያውቀው። ዋስ ለመጠየቅ መጀመሪያ መባረሬን መናገር ሊኖርብኝ ነው። መስተዋት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። መስተዋቱን እንኳን አፈርኩት።

በዚህ መሃል እትዬ ሸምሲያ ወደ ሱቃቸው ጠሩኝ።

የእህታቸው ልጅ ፈቲያ ሥራ አግኝታለች። ዋስ ያስፈልጋታል። እኔ እንግዲህ ቋሚ ሠራተኛ ስለሆንኩ ዋስ ብሆናት ደስ ይላቸዋል። ይህን ነገሩኝና ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ጀመር። ስኳር ሲመዝኑ ሚዛኑን የሚያዩበት አስተያየት ነበር።

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ምን ይላል? "እትዬ፣ እኔ ራሴ ሥራ የለኝም" ይላል።

እኔ ምን አልኩ?

"ደስ ይለኛል።"

ደስ ይለኛል! ይሉኝታ በደም ምርመራ የሚታይ ቢሆን ኖሮ የእኔ ውጤት በቀይ ቀለም ነበር የሚጻፈው።

እትዬ ሸምሲያ ራሳቸው ትንሽ የደነገጡ መሰለኝ። እርግጠኛ መሆኔን ጠየቁኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ችግር ካለ እንደማይቀየሙኝ ነገሩኝ። ምንም ችግር የለም አልኩ። መሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ይሰጠኝ እንደሆነ ጠየቁ። ይሰጡኛል አልኩ። አለቃዬስ? በጣም ደግ ናቸው አልኩ። እሳቸው በር በከፈቱልኝ ቁጥር እኔ ከውስጥ እቆልፋለሁ።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ሦስታችን ባጃጅ ውስጥ ገባን። እትዬ ሸምሲያ በአንድ በኩል፣ ፈቲያ በሌላ በኩል፣ እኔ እንደ ተያዘ ሌባ መሃል።

ፈቲያ የት እንደተቀጠረች አልጠየቅኩም። ከጠየቅኩ የሥራ ወሬ ይነሣል፣ የሥራ ወሬ ከተነሣ የእኔም ሥራ ይነሣል። መሃል ከተማ ያለ ሱቅ ይሆናል ብዬ ደመደምኩ። ዕቅድ ነበረኝ። "ደብዳቤዬ አልደረሰልኝም፣ ሰኞ አመጣለሁ" እላለሁ። ሰኞ እታመማለሁ። ማክሰኞም እታመማለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል።

የራሴስ ዋስ? ለራሴ ጊዜ አልነበረኝም እኮ! ሥራዬ ዛሬ ከእጄ ሊያመልጠኝ ነው፣ እኔ የሌለኝን ደመወዝ ለሌላ ሰው ዋስ ላደርግ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጫለሁ።

ባጃጁ መሃል ከተማን አለፈው።

ወደ ሐይቁ ታጠፈ።

ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ አንድ የማውቀው በር ላይ ቆመ።

የእኔ ሪዞርት!

ሹፌሩና የበሩ ጥበቃ በሲዳሙ አፎ ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ ጥበቃው ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየና በአማርኛ "እህቴ፣ ዛሬም መጣሽ?" አለኝ።

እትዬ ሸምሲያ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። ፈቲያ ስልኳ ውስጥ ጠለቀች። "ሰው አመሳስሎኝ ነው" አልኩ።

ማንም አልጠየቀኝም ነበር።

ለመሮጥ አስቤ ነበር። ግን ለዋስነቱ ክብር ስል ተረከዝ ያለው ጫማ ነበር ያደረግኩት።

አቶ ታምራት ቢሮ ገባን። እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ። በመጨረሻው ቀንም ቢሆን ዋሴን ይዤ በመምጣቴ ደስ እንዳላቸው ተናግረው ለእትዬ ሸምሲያ ወንበር ሳቡላቸው።

እትዬ ሸምሲያ ተረጋግተው ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። "አይ፣ እሷ እንኳን የመጣችው ለፈቲያ ዋስ ልትሆን ነው" አሉ።

አቶ ታምራት እኔን አዩ። ፈቲያን አዩ። እንደገና እኔን አዩ።

"አንቺ ሥራ የለኝም ብለሽኝ አልነበር?"

በዚህች ቅጽበት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ኖሮ "ደስ ይለኛል" እላት ነበር።

የሆንኩትን ልንገራችሁ። ጭንቅላቴ ዘጋ፣ እጄ ግን በራሱ ተንቀሳቀሰ። እጄ ስንት ጠዋት የለመደውን አደረገ፤ ማንጠልጠያዬን ከኪሴ መዝዞ ካርዱን ለአቶ ታምራት አሳየ። "ይኸው መታወቂያዬ" አለ አፌ።

አቶ ታምራት መነጽራቸውን አደረጉ። ካርዱን ቀረብ አድርገው አነበቡት። ከእነ ማንጠልጠያው ስለሆነ እኔም አብሬ ቀረብኩ።

"ይሄ የጥርስ ክሊኒክ ቀጠሮ ነው" አሉ በጣም በትሕትና። ቆይተው ደግሞ፣ "ቀኑም አልፏል" አሉ።

ፈቲያ መጀመሪያ ሳል አደረገችው። ከዚያ ሳሉን መያዝ አቃታትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

አቶ ታምራት ካርዱን እንደሚሰበር ነገር ቀስ አድርገው ለቀቁልኝ። ከዚያ የፈቲያ ዋስትና እኮ ያለቀ ጉዳይ ነው አሉ፤ አቶ መስፍን የሚባሉ የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ቀደም ብለው መጥተው ፈርመዋል።

አቶ መስፍን! "ነፍስ ይማር" ያልኳቸው!

ወደ እትዬ ሸምሲያ ዞርኩ። አልሳቁም። እንዲያውም ትንሽ ያፈሩ ይመስሉ ነበር።

"ልጄ፣ እኔ እምቢ ትላለች ብዬ ነው እኮ የጠየቅኩሽ" አሉ። "እምቢ ስትይኝ ለምን እልሻለሁ፣ ሥራ የለኝም ትይኛለሽ፣ እኔም እኔ አለሁ እልሻለሁ። እንዲህ ነበር ሐሳቤ። ወላሂ ደስ ይለኛል ትላለች ብዬ አልጠበቅኩም።"

"ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን ዝም አሉ?"

"ምን ልበል? አንዴ ከአፌ ወጥቶ። ሐሰተኛ ነሽ ልበልሽ? አፈርኩ። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች ስል ባጃጅ ውስጥ ገባን።"

እንግዲህ ተመልከቱ። እኔ እሳቸውን አፍሬ፣ እሳቸው እኔን አፍረው፣ ሁለታችንም ተያይዘን እዚህ ደረስን። ባጃጁ ባይቆም ኖሮ ሻሸመኔ ድረስ እንሄድ ነበር።

የቀረውን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ሰማሁት። ፈቲያ ለንብረት ክፍል ስትፈተን ከእኔ ኋላ ነው የተቀመጠችው። ስሜ ሲጠራ፣ ማለፌ ሲለጠፍ፣ ዋስ አምጪ ስባል ሁሉንም አይታለች፤ ለአክስቷ ነግራለች። አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ ዋስ እንደሚሆን ሲሰሙ እትዬ ሸምሲያ ፈቲያን ለአቶ መስፍን ሰጧት።

"ሰርቪሱስ?" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ከሁሉም ነገር ቢያንስ የሰርቪሷን ውሸት በደንብ የሠራኋት መስሎኝ ነው መሰል።

"የቱ ሰርቪስ? ፋብሪካው እኮ በኛ ሰፈር መጫን ካቆመ ቆየ" አሉ እትዬ ሸምሲያ።

እስቲ ይህን ደግማችሁ አንብቡት።

እኔ በየጠዋቱ "ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ!" እያልኩ በሰፈሩ መሃል የሮጥኩት፣ ለሌለ አውቶቡስ ነበር። ባልደረቦቼ እንዳያዩኝ የታጠፍኩት፣ ማንም ከማይቆምበት ጥግ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ፋርማሲው ያውቃል። "ሩጪ ሩጪ" የምትለኝ አትክልት ሻጯ ታውቃለች! ሰው ሁሉ ተመካክሮ፣ ልጅቷ እንዳታፍር ብሎ፣ በሌለ ሰርቪስ ሥራ ሲሸኘኝ ከርሟል።

ለመሳቅም ለማልቀስም ጊዜ አላገኘሁም። አቶ ታምራት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ተጠባባቂዋ ከሰዓት በፊት መልስ እንደምትጠብቅ፣ ስልኳም እጃቸው ላይ እንዳለ ነገሩኝ። ዋስ አለኝ ወይስ የለኝም?

ሁሉም እኔን አዩኝ።

የእትዬ ሸምሲያ ቦርሳ ጭናቸው ላይ ነው። ከዚፑ ጫፍ የንግድ ፈቃዳቸው ብቅ ብሎ ይታያል። በፕላስቲክ የተለበጠው፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው። ከግድግዳው አውርደውት ነው የመጡት።

"የኔን ላንቺ ነው ያስቀመጥኩት" አሉኝ። "ግን ሳትጠይቂኝ አልፈርምም። ለአንዴም ቢሆን ጠይቂኝ።"

አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፍኩ፣ ያንንም በመምህራን ፊት ቆሜ ያቀረብኩ ሰው ነኝ።  የማንጠልጠያዬን ገመድ ጠምዝዤ ጠምዝዤ ጣቴ ሰማያዊ ሆነ።

"እትዬ" አልኩ።

"ወዬ።"

"ከሥራ ተባርሬያለሁ።"

"አላህ ያጽናሽ።"

"ዋስ ይሁኑኝ።"

እትዬ ሸምሲያ የቦርሳቸውን ዚፕ ከፈቱ።

"ደስ ይለኛል" አሉ።

አለቀስኩ። ፊልም ላይ እንደሚያለቅሱት አይደለም፤ በአፍንጫ ነው። አቶ ታምራት የሪዞርቱ አርማ ያለበት ሶፍት አቀበሉኝ። እትዬ ሸምሲያ እየፈረሙ "ቶሎ ጨርሱልኝ፣ ጁምዓ ሊደርስብኝ ነው" ይሏቸዋል። ፈቲያ አሁንም ግድግዳውን ታያለች።

ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ሪዞርቱ ሰርቪስ አለው። የሚጭነውም ከፋርማሲው ጥግ ነው። እውነተኛ ሰርቪስ፣ ጎማ ያለው! እንዴት እንደሚሳፈሩበት ረስቻለሁ፤ እግሬ ከልማዱ የተነሣ ጥጉ ላይ ሳይደርስ እንዳይታጠፍብኝ እፈራለሁ።

አሁን ደግሞ የሚያስቀውን ጠይቁኝ።

ቤት ስደርስ ወንበር ተደርድሮ ጠበቀኝ።

አዎ! ቀረልኝ ያልኩት ሁሉ መጣ። ግን ግራ ገባቸው። መባረሬ ሀዘን ነው፣ መቀጠሬ ደስታ ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው በይፋ የሰሙት። ስለዚህ እየገቡ "አይዞሽ፣ እንኳን ደስ አለሽ" ይላሉ፣ በአንድ ትንፋሽ። ፊታቸውም ግማሹ ያዝናል፣ ግማሹ ይስቃል። አትክልት ሻጯ አቅፋኝ "ሯጭ ወጥቶሻል" አለችኝ። እኔ ከሙዙ ክምር ጀርባ ተቀመጥኩ።

በመጨረሻ አቶ መስፍን ከቢሮ ሲመለሱ ገቡ። ትልቅ የሙዝ ዘለላ ይዘዋል። ከፊቴ ተቀመጡ፣ በረጅሙ ተነፈሱ፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በሚያሳዝን ድምፅ፣ ፊት ለፊት እያዩኝ፣ "ነፍስ ይማር" አሉኝ።

ከተባረርኩ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። እሳቸውም ሳቁ። አንድ ሙዝ ልጠው ለሁለት ቆረሱና ግማሹን ሰጡኝ፣ ግማሹን በሉ። ግቢው በሙሉ ዞሮ አያቸው።

ትንሽ ቆይቶ እማዬ ደወለች። ልናዘዝ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሁሉንም እንደምታውቅ ነገረችኝ። ዛሬ አይደለም፤ ሰርቪሱ ካቆመ ጀምሮ። እትዬ ሸምሲያ ያኔውኑ ደውለውላታል። ታዲያ ማታ ማታ ለምን ሥራ እንዴት ዋለ ትይኝ ነበር አልኳት። ራሴው እስክነግራት እየጠበቀች ነበር፤ በዚያ ላይ ታሪኩ ጣማት።

"ስለቱስ?" አልኳት ቀስ ብዬ።

"ስለቱማ ላንቺ ነበር" አለችኝ።

  ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦

"ግን ያቺ ሳምራዊት ታሳዝነኛለች። እሷስ ዋስ አገኘች?"

እስቲ ፍረዱኝ። ከእናንተ መሃል ቋሚ ሥራ ወይም የንግድ ፈቃድ ያለው፣ በዓለም ላይ ለሌለች ልጅ ዋስ የሚሆን አለ? ጠባይዋን አውቀዋለሁ፤ ካልኩሌተር ብቻ አታስነኳት።